ኔሊ ሮስ የባላቸውን ወንበር ብቻ አልወረሱም

ሰሞኑን በርካታ አንባቢዎች የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ስለ ሆኑት ስለ ወይዘሮ ኔሊ ቴይሎ ሮስ ያትታል። ጸሐፊው አንደበተ ርቱዕ ናቸው። ያነሱት ጥያቄም፣ ማለትም በቤተሰብ ስም ወደ ሥልጣን የመጣች ሴት ፈር ቀዳጅ ልትባል ይገባታል ወይ የሚለው፣ ለእኛም አገር አንባቢ ሩቅ ያልሆነ ከባድ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ የደረሱበት መደምደሚያ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ የመጣውም በ1920ዎቹ በዋዮሚንግ ግዛት የሆነውን ነገር አሟልተው ሳያዩ በመፍረዳቸው ስለ ሆነ፣ ነጥብ በነጥብ መመለስ ተገቢ መስሎ ታየኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላቅርብ። ጸሐፊው እንደሚሉት ወይዘሮ ሮስ በ1924 የተመረጡት አገረ ገዥ የነበሩት ባለቤታቸው በድንገት ስለ ሞቱና ሕዝቡ ስላዘነላቸው እንጂ በራሳቸው ብቃት አይደለም፤ በዚያው ቀን በቴክሳስ ከተመረጡት ከወይዘሮ ሚርያም ፈርጉሰን ጋርም በምንም አይለዩም። ሥልጣኑን ከያዙ በኋላ ውሳኔ ይሰጡ የነበሩት የፓርቲያቸው ወንዶች ነበሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጠቀስ ሥራ አልሠሩም፤ ሕዝቡም ይህን አይቶ በ1926 አሰናበታቸው። ዋዮሚንግ የሴቶችን መብት በማክበር ከሁሉ የቀደመች ግዛት ስለ ነበረች አንዲት ሴት እዚያ መመረጧ እንደ ትልቅ ነገር ሊቆጠር አይገባም። በኋላ በዋሽንግተን ያገኙት የሳንቲም ማምረቻ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተርነትም ለፓርቲ ታማኝነት የተከፈለ ውለታ ነበር። ስለዚህ የፈር ቀዳጅነቱ ስም ያለ ባል ስም በ1974 በኮነቲከት ለተመረጡት ለወይዘሮ ኤላ ግራሶ ሊሰጥ ይገባል ይላሉ።

ከእነዚህ ውስጥ እውነትነት ያላቸውን ሳልቀበል ወደ ክርክሩ አልገባም። ዊልያም ሮስ ኦክቶበር 2 ቀን 1924 ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ባይሞቱ ኖሮ ባለቤታቸው በዚያ ዓመት ለምርጫ ባልቀረቡ ነበር። የዴሞክራቶች ጉባኤ እጩ ያደረጋቸው ከቀብሩ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። እሳቸውም በየከተማው እየዞሩ አልቀሰቀሱም፤ ለመራጩ ሕዝብ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ባላቸው የጀመሩትን ሥራ እንደሚቀጥሉ ከማስታወቅ ያለፈ ዘመቻ አላደረጉም። ሐዘኔታ ድምፅ አምጥቶላቸዋል ቢባል የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሐዘኔታ ድምፅ አመጣ ማለት ግን ድምፁን ሁሉ ያመጣው ሐዘኔታ ነው ማለት አይደለም፤ ጸሐፊው የዘለሉትም ይህን ልዩነት ነው። በዚያ ዓመት የምርጫ ቁጥሮች ላይ ትንሽ ልቆይ። ዊልያም ሮስ በ1922 የተመረጡት ከ1,000 ባነሰ የድምፅ ብልጫ ነበር። ባለቤታቸው በ1924 የሪፐብሊካኑን እጩ ዩጂን ሰሊቫንን የበለጡት ከ8,000 በሚበልጥ ድምፅ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ድምፅ 55 በመቶ ገደማ አግኝተዋል። በዚያው ቀን በዚያው ግዛት የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንትነት እጩ ጆን ዴቪስ 16 በመቶ ገደማ አግኝተው ሦስተኛ ወጡ፤ ካልቪን ኩሊጅ በሰፊው አሸነፉ፤ ለሴኔቱም የተመረጡት ሪፐብሊካኑ ፍራንሲስ ዋረን ነበሩ። እንግዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መራጭ ለፕሬዚዳንትነት ሌላ ሰው መርጦ ሲያበቃ ወደ አገረ ገዥው መስመር ሲወርድ የአንዲት ዴሞክራት ሴት ስም ላይ ምልክት አድርጓል። ይህ መራጭ የሚያዝን ልብ ብቻ ሳይሆን የሚያስብ አእምሮም ነበረው። ተፎካካሪያቸው ሰሊቫን ከነዳጅ ኩባንያዎች ጋር ቅርበት ያላቸው የካስፐር ከተማ ጠበቃ ነበሩ። የቲፖት ዶም የነዳጅ ቅሌት መላ አሜሪካን ያነጋግር የነበረውም በዚያው ሰሞን ሲሆን፣ ያ በሚስጥር የተከራየ የመንግሥት የነዳጅ መሬት የሚገኘው በዚያችው በዋዮሚንግ ነው። ሟቹ ሮስ በመጨረሻ የታገሉለት ጉዳይ ከመሬት በሚወጣ ማዕድን ላይ ግብር ለመጣል የሚያስችል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበር፤ ወይዘሮ ሮስም ይህን ሐሳብ ደግፈዋል። ማሻሻያው በዚያ ዓመት አልጸደቀም፤ ዋዮሚንግ እንዲህ ያለውን ግብር የጀመረችው በ1969 ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በፊቱ የቀረበለትን ሕዝብ እንባ ብቻ ወደ ምርጫ ጣቢያ መራው ማለት ሕዝቡንም ማሳነስ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ጥያቄ ለጸሐፊው ላንሳ። በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ስማቸው የነበረው ኩሊጅ ራሳቸው ወደ ፕሬዚዳንትነት የመጡት በኦገስት 1923 ዋረን ሃርዲንግ ስለ ሞቱ ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልትም ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1901 ማኪንሊ በጥይት ተመትተው ስለ ሞቱ ነው። ሁለቱም ምክትል ፕሬዚዳንቶች ስለ ነበሩ ሕጉ ራሱ ወንበሩን ሰጣቸው፤ ወይዘሮ ሮስ ግን በሕዝብ ድምፅ መመረጥ ነበረባቸው። ያም ሆኖ የሁለቱን ሰዎች ሥራ በሟች ወንበር ስለ ተቀመጡ ብቻ ከንቱ ነው የሚል የታሪክ ጸሐፊ አላነበብሁም። የሚመዘኑት ከተቀመጡ በኋላ ባደረጉት ነው። ለአንዲት ሴት ሌላ ሚዛን የሚወጣበት ምክንያት በጽሑፉ ውስጥ አልተገለጸም።

የቴክሳሷን ወይዘሮ ፈርጉሰንን በተመለከተ ንጽጽሩ ከመነሻው አይገጥምም። ባለቤታቸው ጄምስ ፈርጉሰን በ1917 በምክር ቤት ተከሰው ከአገረ ገዥነት የተነሡና ዳግመኛ በግዛቲቱ ሥልጣን እንዳይዙ የታገዱ ሰው ነበሩ። እገዳውን ለማለፍ ሚስታቸውን አስወዳደሩ፤ በቅስቀሳቸውም ወቅት ለሕዝቡ በአንድ አገረ ገዥ ዋጋ ሁለት ታገኛላችሁ እያሉ በግልጽ ይናገሩ ነበር። ወይዘሮ ሮስ ግን ከኋላቸው ሆኖ የሚያዝ ባል አልነበራቸውም፤ ባላቸው መቃብር ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቀን መመረጣቸው እውነት ነው። የዋዮሚንጓ ጃንዋሪ 5 ቀን 1925፣ የቴክሳሷ ከ15 ቀን በኋላ ቃለ መሐላ መፈጸማቸውም የግዛቶቹ የሥልጣን ርክክብ ቀን መለያየት ያመጣው ነገር ነው። ቀዳሚነቱ በቀን መቁጠሪያ የተገኘ መሆኑን ጸሐፊው ማስታወሳቸው ተገቢ ነበር።

ወደ ዋናው ክስ ልለፍ፤ ውሳኔ ሰጪዎቹ ወንዶች ነበሩ፣ ወይዘሮዋም የሚጠቀስ ሥራ አልሠሩም ወደሚለው። እዚህ ላይ ጽሑፉ አንድ መሠረታዊ ነገር ዘንግቷል። በዚያ ዘመን የዋዮሚንግ ሕግ አውጭ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ለ40 ቀን ብቻ ነበር። የወይዘሮ ሮስ የሥልጣን ዘመን ደግሞ የሟቹን ቀሪ ሁለት ዓመት መጨረስ ነበር። በዚህ መሠረት ሕግ ሊያስወጡ የሚችሉበት ጉባኤ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቃለ መሐላ በፈጸሙ በቀናት ውስጥ፣ ገና ጥቁር ልብሳቸውን ሳያወልቁ የጀመረ ነው። ምክር ቤቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር። በዚህ ሁኔታ ካቀረቧቸው 11 ሐሳቦች ምክር ቤቱ 5ቱን ተቀብሏል። ከግማሽ በታች ነው፤ ነገር ግን በተቃዋሚ ፓርቲ ምክር ቤት ፊት፣ በአንድ የ40 ቀን ጉባኤ፣ ያለ ምንም የዝግጅት ጊዜ የተገኘ ውጤት መሆኑ ሳይነገር ምንም አልሠሩም ማለት ፍርድ አይሆንም።

ሐሳቦቹ ራሳቸው ምን እንደ ነበሩ መመልከትም ይገባል። ባንኮች በተከታታይ በወደቁበትና ገበሬው ተቀማጩን ባጣበት ጊዜ የባንክ ቁጥጥር ሕግ እንዲጠብቅ ጠየቁ፤ ከተሞች፣ አውራጃዎችና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች በጀት አውጥተው እንዲሠሩ፣ ለገበሬና ለከብት አርቢ የመንግሥት ብድር እንዲቀርብ፣ በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ጥበቃ እንዲያገኙ፣ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ የሚገድበው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲጸድቅ አሳሰቡ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ደኅንነትም ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ ብቻ አልነበረም። በኦገስት 1923 ከመረር በምትባለው የማዕድን ከተማ አጠገብ በደረሰ የጉድጓድ ፍንዳታ 99 ሰዎች አልቀዋል፤ በሴፕቴምበር 1924 ደግሞ በዚያው አካባቢ ሌላ ፍንዳታ 39 ሰዎችን ገድሏል። የሁለተኛው አደጋ ሟቾች ከተቀበሩ አራት ወር ገደማ በኋላ አንዲት አዲስ አገረ ገዥ የማዕድን ባለቤቶች ተሰሚነት በነበራቸው ምክር ቤት ፊት ቆማ የቆፋሪውን ሕይወት ጉዳይ ማንሳቷን ጸሐፊው ከሚጠቀስ ሥራ ካልቆጠሩት፣ የሚጠቀስ ሥራ ማለት ምን እንደ ሆነ መንገር ይኖርባቸዋል። የሕፃናቱን ማሻሻያ ምክር ቤቱ ያን ጊዜ አልተቀበለውም፤ ዋዮሚንግ ያጸደቀችው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1935 ነው። በዚህም ወይዘሮዋ ከምክር ቤቱ ቀድመው እንደ ነበር ማየት ይቻላል።

ሌሎች ይመሯቸው ነበር ለሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ እንቢ ያሉበት ውሳኔ ነው። ሴናተር ፍራንሲስ ዋረን ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 80 ደርሶ ነበር። በሥልጣን ላይ ሳሉ ቢሞቱ በሕጉ መሠረት ተተኪውን የሚሾመው አገረ ገዥው ስለ ነበረ፣ የሪፐብሊካኖቹ ምክር ቤት አንዲት ዴሞክራት ይህን ሥልጣን እንዳትጠቀምበት ቦታው በልዩ ምርጫ እንዲሞላ የሚያዝ ረቂቅ አወጣ። ወይዘሮ ሮስ አልፈርምም ብለው መለሱት። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ እኔ ራሴ ሕዝብ የሚመርጥበትን መንገድ መዝጋት ለመከላከል የሚቀል አይመስለኝም። በ1926ቱ ምርጫም ተቃዋሚዎቻቸው ደጋግመው አንስተውባቸዋል። ዳሩ ግን አሻንጉሊት ብቻ የሆነ ሰው በስሙ ጠላት አያፈራም። በዚያን ጊዜ በመላ አሜሪካ የነበረው የአልኮል መጠጥ ክልከላ በጥብቅ እንዲከበር መግፋታቸውም እንዲሁ የማይወደድ አቋም ነበር፤ ብዙ ሰው በስውር እየጠጣ በሚኖርባት ግዛት ይህን አቋም ይዞ ለዳግም ምርጫ መቅረብ ለድምፅ ከመጨነቅ የሚመጣ አይደለም።

ከዚህ በመቀጠል በ1926 ሕዝቡ አሰናበታቸው የሚለውን እንመርምር። የሪፐብሊካኑ እጩ ፍራንክ ኤመርሰን ያገኙት 35,651 ድምፅ ሲሆን ወይዘሮ ሮስ 34,286 አግኝተዋል። ልዩነቱ 1,365 ነው። ሐዘኔታው ሁለት ዓመት አልፎበታል፤ የሚጠሏቸው ውሳኔዎች ተሰጥተዋል፤ ሴት ለዚህ ሥልጣን አትመጥንም የሚለው ቅስቀሳ በግልጽ ተካሂዷል፤ የገዛ ፓርቲያቸውም በግዛቲቱ ደካማው ፓርቲ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው መራጭ ሥራቸውን አይቶ ዳግመኛ መርጧቸዋል። የ1924ቱ ድምፅ የሐዘን ድምፅ ነበር ቢባል እንኳ የ1926ቱ 34,286 ድምፅ ግን በሐዘን ሊገለጽ አይችልም፤ ጸሐፊው በሽንፈት ማስረጃነት ያቀረቡት ምርጫ በእኔ ግምት የራሳቸውን የመጀመሪያ ነጥብ የሚያፈርስ ነው።

በዚያ ምርጫ ከቀረቡባቸው ትችቶች አንዱ የሾሟቸው ሰዎች እጅግ አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸው ነበር፤ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ አንዳንድ ሴቶችም ይህን እያነሱ ተቃውመዋቸዋል። ይህ ትችት ትክክል ነው፤ የጽሑፉ ጸሐፊ ቢያነሱትም ኖሮ ከጠቀሷቸው ነጥቦች ሁሉ የሚጠነክር ይሆን ነበር። ወይዘሮ ሮስ የሴቶች እንቅስቃሴ ታጋይ አልነበሩም። በ1902 አግብተው የዋዮሚንግ ዋና ከተማ ሻያን ሲገቡ የዋዮሚንግ ሴቶች ድምፅ መስጠት ከጀመሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ስለ ነበር ያ ትግል እዚያ አልጠበቃቸውም።

ይህም ዋዮሚንግ ድሮውንም የሴቶች ግዛት ስለ ነበረች ምርጫው ትልቅ ነገር አልነበረም ወደሚለው ነጥብ ያደርሰናል። ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው ሕግ የወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 1869 ነው፤ በዓለም ካሉት ቀዳሚዎች አንዱ መሆኑም ያስመሰግናታል። የሕጉ ደጋፊዎች ሁሉ ግን የሴትን እኩልነት ያመኑ አልነበሩም። በግዛቲቱ ለአንዲት ሴት ስድስት ወንድ ገደማ ስለ ነበረ ሴቶችን ለመሳብና ስሟን ለማስጠራት የፈለጉ ነበሩባቸው። በ1871 ምክር ቤቱ ሕጉን ለመሻር ድምፅ ሰጠ፤ አገረ ገዥው ጆን ካምቤል አልፈርምም ባይሉና ተቃዋሚዎቹ አንድ ድምፅ ባይጎድላቸው ኖሮ መብቱ በሁለት ዓመቱ ይቀር ነበር። ኤስቴል ሪል በ1894 የግዛቲቱ የትምህርት ኃላፊ ሆነው መመረጣቸው፣ ሜሪ ቤላሚም በ1910 ወደ ምክር ቤቱ መግባታቸው የሚያኮራ ነው። ሆኖም ሴቶች ከ1869 ጀምሮ የመምረጥ መብት እያላቸው እስከ 1924 ድረስ ለ55 ዓመት የአገረ ገዥነት ወንበር አልተነካም። ወይዘሮ ሮስ በ1927 መጀመሪያ ከለቀቁ ወዲህም እስከ ዛሬ በዋዮሚንግ ሁለተኛ ሴት አገረ ገዥ አልተመረጠችም። ነገሩ ጸሐፊው እንዳሉት ቀላል ቢሆን ኖሮ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ይደገም ነበር።

የሳንቲም ማምረቻውን ሹመት በተመለከተ መነሻው ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ወይዘሮ ሮስ ከአገረ ገዥነት በኋላ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ ይዘው ሴት መራጮችን ያደራጁ ነበር፤ በ1932 ለፍራንክሊን ሩዝቬልት ቀስቅሰዋል፤ በ1933 ሩዝቬልት ዳይሬክተር አድርገው ሲሾሟቸውም ይህ አገልግሎት ሳይታሰብ አልቀረም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ወንዶችን የሚሾሙት ከዚህ በተለየ መንገድ ነበር የሚል ሰው ካለ ግን ማስረጃውን ማየት እፈልጋለሁ። ሹመቱ የአምስት ዓመት ሲሆን ሩዝቬልት ሁለት ጊዜ፣ ትሩማን ደግሞ በ1948 አድሰውላቸዋል። ለውለታ የተሰጠ ወንበር አንዴ ሊሰጥ ይችላል፤ 20 ዓመት፣ በሁለት ፕሬዚዳንቶች፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀትና በዓለም ጦርነት ውስጥ የሚያቆይ ግን ሥራ ነው። በእነዚያ ዓመታት የወርቅ ሳንቲም መሠራቱ ቆሟል፤ የአገሪቱ ወርቅ ከ1937 ጀምሮ በፎርት ኖክስ ወደ ተሠራው ግምጃ ቤት ተጓጉዟል፤ መዳብ ለጦር መሣሪያ በተፈለገበት በ1943 የአንድ ሳንቲሟ ገንዘብ ከብረት ተሠርታ ዚንክ ተቀብታለች፤ የአምስት ሳንቲሙም ቅይጥ ተቀይሯል። ፊላደልፊያን፣ ሳን ፍራንሲስኮንና ዴንቨርን የመሳሰሉ ማምረቻዎችን ሁሉ በበላይነት ይመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በዴንቨር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የዚያን ማምረቻ ሕንፃ ያውቁታል፤ ሻያንም ከዚያ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቅ ከተማ ናት።

ስለ ወይዘሮ ግራሶ የተባለው ክብራቸውን የሚገልጽ እውነት ነው። የአገረ ገዥ ሚስት ወይም ባልቴት ሳይሆኑ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት የተመረጡት ሦስቱ፣ ማለትም ሮስ፣ ፈርጉሰንና የአላባማዋ ለርሊን ዋላስ፣ ሁሉም በባል በኩል የመጡ ነበሩ። የግራሶን ቀዳሚነት ለመመስከር ግን የሮስን መሰረዝ አያስፈልግም። በዚያ ሚዛን ብንሄድ የራሳችንን ታሪክ ምን ልናደርገው ነው? ወይዘሮ ሮስ በሻያን ሥልጣን ላይ በነበሩባቸው ዓመታት በአዲስ አበባ ዙፋን ላይ የነበሩት የዐፄ ምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ የነገሡት በአባታቸው ቢሆንም ዘመናቸው ከታሪክ አልወጣም። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ነበሩ፤ በስዊዘርላንድ ለመማር የበቁት በአባታቸው ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዚናራ ደሴት መታሰራቸው፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መምራታቸውና በ1957 ወደ ፓርላማ መመረጣቸው ግን የአባታቸው ሥራ አይደለም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሻሽለው እንደገና የሚያወጡት ከሆነ ቢያንስ ሁለት ነገሮችን እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ፤ ምክር ቤቱ በወይዘሮ ሮስ ዘመን የተሰበሰበው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑንና የ1926ቱ የድምፅ ልዩነት 1,365 መሆኑን። አንባቢው እነዚህን ይዞ የራሱን ፍርድ ይስጥ።